«የፈረንጅ ቤተ ክርስቲያን» ለምን በግእዝ ይቀድሳል? ስለ ካቶሊክ ቁምስናና ስለ ጠባቂ ቅዱሱ

ሚያዝያ 2017 ዓ.ም.፣ ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንችስኮስ ያረፉ ሰሞን ነው። ደብረ ብርሃን አንድ ሻይ ቤት ውስጥ ብርዱን ሽሽት ተጠጋግተን ተቀምጠናል። ቴሌቪዥኑ ላይ ቀይ የለበሱ ካርዲናሎች ይተላለፋሉ። ዜና አንባቢዋ ከመራጮቹ መካከል ኢትዮጵያዊው ካርዲናል ብርሃነየሱስ ሱራፌል እንደሚገኙበት ስትናገር፣ ጋቢያቸውን እስከ ጆሯቸው የተከናነቡ አንድ አባት ብርጭቋቸውን አስቀምጠው «እንዴ! እኛም መራጭ አለን?» አሉ።

አጠገባቸው የተቀመጠው ወጣት አዲስ አበባ የተከራየው ቤት ከካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ጀርባ ነው። «አባባ፣ እሑድ እሑድ ቅዳሴው ይሰማኛል፤ በግእዝ ነው። ከበሮውም አለ። አንድ ነገር ብቻ አልገባኝም፤ በሩ ላይ “ቁምስና” ይላል። ቁምስና ምንድን ነው?»

«ያው የፈረንጅ ቤተ ክርስቲያን ማለት ይሆናላ» አሉ ሰውየው፤ ሻያቸውን ፉት አሉ፤ ወሬው ወደ ማዳበሪያ ዋጋ ዞረ።

እኔ ግን ጥያቄው አልለቀቀኝም። የሚከተለው ለዚያ ልጅ ዘግይቶ የተሰጠ መልስ ነው። «ዓ.ም.» ካልተጻፈባቸው በቀር ዓመታቱ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ቁምስና ሕንጻው ነው ወይስ ሰዉ?

ሰዉ ነው። በኦርቶዶክሱ ወገን «አጥቢያ» የምንለውን ካቶሊኮች «ቁምስና» ይሉታል። ብዙ ሰው ቃሉን ሲሰማ ግንብ፣ ደወልና መስቀል ይታየዋል። እድርን አስቡ። እድር ድንኳን አለው፤ አግዳሚ ወንበር፣ ብረት ድስት፣ የሳህን ክምር አለው። ድንኳኑ በእሳት ቢጋይ ግን እድሩ አልፈረሰም። ስማቸው መዝገብ ላይ የሰፈረ ሰዎች አሉ፤ ዳኛ አላቸው፤ ሰው ሲሞት ይገናኛሉ። ቁምስናም እንዲሁ ነው። በ1990 የወጣው የምሥራቅ ካቶሊክ አብያተ ክርስቲያናት ሕግ ቁምስናን የሚተረጉመው በአንድ ሀገረ ስብከት ውስጥ በቋሚነት የተመሠረተ፣ እረኝነቱም ለአንድ ካህን የተሰጠ የምእመናን ማኅበር ብሎ ነው። ስለ ድንጋይና ቆርቆሮ በትርጉሙ ውስጥ አንድም ቃል የለም።

ያ ካህን «ቆሞስ» ይባላል። እዚህ ላይ አንድ መደናገር አለ። በኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ቆሞስ ማዕረግ ነው፤ «ቆሞስ አባ እገሌ» ሲባል የመነኩሴውን ደረጃ ይነግረናል። በካቶሊኩ ዘንድ ደግሞ ቆሞስ የሥራ መደብ ነው፤ ቁምስናውን የሚመራው ካህን ነው፣ ወደ ሌላ ቦታ ሲዛወር ቆሞስነቱ ለተተኪው ይቀራል። ቃሉ ከግሪክ ተነሥቶ በግብፅ በኩል ወደ እኛ የዘለቀ ነው፤ ሁለቱም ወገን ከአንድ ምንጭ ቀድተው ለየራሳቸው አገልግሎት አዋሉት።

ቁምስና የሚያቋቁመው ጳጳሱ ብቻ ነው። ሃያ ቤተሰብ ተሰባስቦ፣ ገንዘብ አዋጥቶ ጸሎት ቤት ቢሠራ ቁምስና አይሆንም፤ የቅርቡ ቁምስና ቅርንጫፍ ሆኖ ይቆያል፣ ካህኑም እየተመላለሰ ይቀድስለታል። ወሰኑም አብዛኛውን ጊዜ እንደ ቀበሌ በመሬት ነው፤ አንድ ካቶሊክ ከደብረ ብርሃን ወደ መሐል ሜዳ ቢዛወር እረኛው ይለወጣል። ገዳም ከዚህ ሁሉ የተለየ ነገር ነው። በሰሜን ሸዋ መንዲዳ ላይ ሲታውያን የሚባሉ የካቶሊክ መነኮሳት ገዳም አለ። መነኮሳቱ በጸሎትና በሥራ ተወስነው የሚኖሩት በራሳቸው አበምኔት ሥር ነው፤ ገዳም በመሆኑ ብቻ የአካባቢው ሕዝብ ቁምስና አይሆንም።

ቁምስናን በእጅ ልንዳስሰው ከፈለግን ግን ከሕንጻው ይልቅ የጥምቀት መዝገቡን መክፈት ይሻላል። ወፍራም፣ ጠርዙ የተበላ፣ በእጅ የሚሞላ ደብተር ነው። የሕፃኑ ስም፣ የወላጆቹ ስም፣ የክርስትና አባት ወይም እናት፣ ያጠመቀው ካህን ፊርማ፣ ቀን። ከጎኑ ጠባብ ባዶ ዓምድ ይተዋል። ልጁ ከሃያ አምስት ዓመት በኋላ ሐዋሳ ቢያገባ፣ ያጋባው ካህን ለተጠመቀበት ቁምስና ይጽፋል፤ ጋብቻውም በዚያች ባዶ ዓምድ ይመዘገባል። ቢመነኩስም ቢቀስስም እዚያው ይሰፍራል። ሊያገቡ የሚመጡ ካቶሊኮች ሁሉ «የጥምቀት ወረቀት አምጡ» የሚባሉትም ለዚህ ነው። ሰውየው በሕይወቱ የትም ቢዞር፣ መዝገቡ ያለበት ቁምስና አንድ ዓይኑን አይነቅልበትም።

ታዲያ ካቶሊክ ከሆነ ግእዙ ከየት መጣ?

ካቶሊክ ሁሉ አንድ ዓይነት ቅዳሴ አይቀድስም። በሮም ጳጳስ ሥር በአንድ እምነት የተሳሰሩ፣ በሥርዓት ግን የተለያዩ 24 አብያተ ክርስቲያናት አሉ። ትልቁ የላቲኑ ነው፤ ሃያ ሦስቱ የምሥራቅ ናቸው፤ ከነሱ አንዱ የኢትዮጵያው ነው። ለኛ አገር ሰው በገብስ ማስረዳት ይቀላል፦ ከአንድ ጎተራ ገብስ ቆሎም፣ በሶም፣ ቂጣም፣ ጠላም ይወጣል። እህሉ አንድ ነው፤ አሠራሩ ግን ከቤት ቤት ይለያል። ያ አሠራር «ሥርዓት» ይባላል፤ ቋንቋውን፣ ዜማውን፣ አልባሳቱን፣ ጾሙንና የበዓላቱን አቆጣጠር ይይዛል።

ኢትዮጵያ ውስጥ ሁለቱም አሠራር አለ። አዲስ አበባ፣ አዲግራት፣ እምድብርና ባሕር ዳር-ደሴ የግእዝ ሥርዓት የሚከተሉ ሀገረ ስብከቶች ናቸው። ሐረር፣ ሶዶ፣ ሐዋሳ፣ መቂ፣ ነቀምቴና ሌሎቹ የደቡብ፣ የምዕራብና የምሥራቅ አካባቢዎች የላቲኑን ይከተላሉ። ሶዶ ያደገ ካቶሊክ አዲስ አበባ መጥቶ ቅዳሴው ረዝሞበት ሰዓቱን ቢያይ አይፈረድበትም።

ከኦርቶዶክሱ የሚለየውስ? ሁለት ትልልቅ ነገሮች አሉ። አንደኛው የሮም ጳጳስ ሥልጣን ነው። ሁለተኛው በ451 በኬልቄዶን ጉባኤ የተነሣው፣ ስለ ክርስቶስ ሰውነትና አምላክነት የሚደረገው ክርክር ነው፤ ኬልቄዶንን የተቀበሉት «አንድ አካል፣ ሁለት ባሕርይ» አሉ፤ የኛ አባቶች ደግሞ «ተዋሕዶ» ብለው ጸኑ። ክርክሩ መጽሐፍ ሙሉ ስለሆነ እዚህ አልገባበትም።

ቁጥራቸው ትንሽ ነው። በ1999 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ ካቶሊኮች ከአገሩ ሕዝብ 0.7 በመቶ ነበሩ። ሰሜን ሸዋ ውስጥ ካቶሊክ ጎረቤት የሌለው ሰው ብዙ መሆኑ፣ ወሬውም በግምት መሞላቱ ከዚህ ይመጣል።

«የፈረንጅ» የሚለው ስምስ ያለ ምክንያት ወጣ?

ያለ ምክንያት አልወጣም። ነገር ግን ታሪኩ የጀመረው ፈረንጅ ወደ እኛ በመምጣቱ ሳይሆን የኛ ሰው ወደ ሮም በመሄዱ ነው፤ ያውም ከዚሁ ከሸዋ። በ16ኛው መቶ ዘመን ተስፋ ጽዮን የሚባሉ የደብረ ሊባኖስ መነኩሴ ሮም ደርሰው፣ ከቅዱስ ጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን ጀርባ በቅዱስ እስጢፋኖስ ስም ለኢትዮጵያውያን ተሳላሚዎች በተሰጠው ገዳም ኖሩ። እዚያም የግእዙን ሐዲስ ኪዳን በ1548 እና 1549 አሳተሙ። በማተሚያ መሣሪያ የታተመ የመጀመሪያው የግእዝ ሐዲስ ኪዳን የደብረ ሊባኖስ ሰው የደከመበት ነው ማለት ነው። በዚያው ስፍራ በ1919 የኢትዮጵያውያን ካህናት ኮሌጅ ተከፈተ፤ ዛሬም በቫቲካን ቅጥር ውስጥ ይገኛል።

ነገሩን ያበላሸው የሚቀጥለው መቶ ዘመን ነው። አፄ ሱስንዮስ በኢየሱሳውያኑ ሚሲዮናውያን፣ ይልቁንም በፔድሮ ፓኤዝ ብልሃት ተስበው ካቶሊክ ሆኑ። ፓኤዝ ቋንቋውን የቻሉ፣ ታጋሽ ሰው ነበሩ፤ እሳቸው ካረፉ በኋላ በ1625 የመጡት አልፎንሶ ሜንዴዝ ግን ሌላ ሰው ናቸው። ሕዝቡ እንደ አዲስ ይጠመቅ፣ ካህናቱ እንደ አዲስ ይካኑ፣ አብያተ ክርስቲያናቱ እንደ አዲስ ይባረኩ፣ የጾሙና የበዓሉ ቀን እንደ ሮም ይሁን አሉ። አያቱ ክርስቲያን የነበረን ባላገር «አልተጠመቅህም» ማለት ምን እንደሚያስከትል ለማወቅ ነቢይ መሆን አያስፈልግም። አገሩ በአመፅ ነደደ፤ በ1632 ሱስንዮስ ሕዝቡ ወደ አባቶቹ ሃይማኖት እንዲመለስ ዐዋጅ አስነገሩ፤ ልጃቸው ፋሲለደስ ኢየሱሳውያኑን አባረሩ። ከዚያ በኋላ ለሁለት መቶ ዓመት «ካቶሊክ» ማለት «ሃይማኖትህን ሊያስጥልህ በባሕር የመጣ ፈረንጅ» ማለት ሆኖ ቀረ። የሻይ ቤቱ አባት ቃል ከዚያ ዘመን የተወረሰ ነው።

አቡነ ያዕቆብ ማን ናቸው?

በግእዝ ሥርዓት የሚኖሩ የኢትዮጵያ ካቶሊኮች «ማን መሠረታችሁ?» ቢባሉ አንድ ስም ይጠራሉ፦ ቅዱስ ዩስጢኖስ ዴ ያቆቢስ፣ በአገሬው አጠራር አቡነ ያዕቆብ። ቁምስና በስማቸው ሲሰየም ምን ማለት እንደሆነ ለመረዳት ሕይወታቸውን ትንሽ ረጋ ብሎ ማየት ይገባል።

የተወለዱት በ1800 በደቡብ ጣሊያን፣ ሳን ፌሌ በምትባል ተራራማ ከተማ ነው። በ18 ዓመታቸው ላዛሪስቶች ከሚባለው ማኅበር ገቡ፤ በ1824 ቀሰሱ። ኔፕልስ ላይ ኮሌራ በገባ ጊዜ ሕሙማንን ሲያስታምሙ ከቆዩ በኋላ፣ በ1839 በምጽዋ በኩል ዓድዋ ደረሱ።

ያደረጉት ሁሉ የሜንዴዝ ተቃራኒ ነበር። ልብሳቸውን ለውጠው እንደ ኢትዮጵያዊ መነኩሴ ለበሱ፤ ያገሩን ምግብ በሉ፤ አማርኛ፣ ትግርኛና ግእዝ ለመማር እንደ ቆሎ ተማሪ ተቀመጡ። በዓድዋ ለመጀመሪያ ጊዜ የሰበኩት በጣት ለሚቆጠሩ ሰዎች ነው፤ የልብ በር አፍ ነው፣ ቁልፉም ቃል ነው፣ እኔም ስናገራችሁ የልቤን ቁልፍ እሰጣችኋለሁ የሚል መልእክት ያለው ንግግር አደረጉ። ፈረንጅ ንግግር አሳምሮ ቢመጣ ያገሬው ሰው በቀላሉ እንደማያምን ያውቁ ነበር፤ ዓመታት ጠበቁ።

ከታሪካቸው ሁሉ እኔን የሚገርመኝ የ1841 ጉዞ ነው። የትግሬው ገዥ ደጃዝማች ውቤ ከእስክንድርያ ጳጳስ ለማስመጣት መልእክተኞች ሲልኩ፣ አብረው እንዲሄዱ የጠየቁት እኚህኑ ካቶሊክ ቄስ ነው። አስቡት፤ የኦርቶዶክስ ጳጳስ ለማስመጣት ካቶሊክ ቄስ መንገድ መሪ ይሆናል። እሳቸውም መልእክተኞቹ ሮምንም ያዩ ዘንድ ጠይቀው እሺ አሉ። ከግብፅ የመጡት ጳጳስ አቡነ ሰላማ ሆኑ፤ ኋላም አቡነ ያዕቆብን ከአገር ለማስወጣት ከማንም በላይ የጣሩት እሳቸው ናቸው። በአቡነ ሰላማ ወገን ሆኖ ለሚያየው ደግሞ ነገሩ ግልጽ ነው፤ የመንጋው እረኛ ሆነው ተሹመው ሌላ እረኛ በጎቹን ሲጠራ ዝም ይበሉ?

ከመልእክተኞቹ አንዱ ከጎጃም የመጡ፣ በልጅነታቸው አንድ ዓይናቸውን ያጡ መነኩሴ ነበሩ፤ አባ ገብረ ሚካኤል። የተማሩ፣ የገዳማቱ ሥርዓት መላላት የሚያንገበግባቸው፣ መጽሐፍ ፍለጋ ከገዳም ገዳም የዞሩ ሰው ናቸው። ከጉዞው በኋላ ብዙ ተከራክረውና መርምረው በ1844 ካቶሊክ ሆኑ። አዲግራት አጠገብ ጓላ ላይ አቡነ ያዕቆብ ባቋቋሙት የካህናት ማሠልጠኛም አስተማሩ። አቡነ ያዕቆብ በ1849 ምጽዋ ላይ በስውር ጵጵስና ተቀቡ፤ በ1851 ለገብረ ሚካኤል ቅስና ሰጡ። ቅዳሴው ግእዝ ሆኖ፣ ሥርዓቱ ሳይለወጥ የኢትዮጵያ ካቶሊክ ካህናት መሾም የጀመሩት በዚህ መንገድ ነው። ልጁ ከቤቱ ጀርባ የሚሰማው ዜማ መነሻው እዚህ ላይ ነው።

መጨረሻው ከባድ ነበር። በ1854 ሁለቱም ጎንደር ላይ ተያዙ። አቡነ ያዕቆብ ወደ ጠረፍ ተባረሩ። ገብረ ሚካኤል ግን በእግር ብረት ታስረው፣ በ1855 ከነገሡት ከአፄ ቴዎድሮስ ሠራዊት ጋር እየተጎተቱ፣ በዚያው ዓመት ነሐሴ ውስጥ በመንገድ ላይ አረፉ። አቡነ ያዕቆብም ያረፉት አልጋ ላይ አይደለም። በአውሮፓ አቆጣጠር ሐምሌ 31 ቀን 1860፣ ከምጽዋ ወደ ደጋው ሲጓዙ በአሊጌዴ ሸለቆ ሙቀት ተዝለፍልፈው፣ ድንጋይ ተንተርሰው፣ ተማሪዎቻቸው ከበዋቸው ነው። መቃብራቸው ኤርትራ፣ ሄቦ ነው።

ልቼ ላይ ምን ሆነ?

የኛ አካባቢ ደግሞ ሌላ ሰው አለው። አቡነ ያዕቆብን ምጽዋ ላይ ጵጵስና የቀቡት ጳጳስ ጉሊየልሞ ማሳያ ይባላሉ፤ አገሬው «አባ ማስያስ» አላቸው። ካፑቺን የሚባለው ማኅበር መነኩሴ ናቸው፤ በ1846 ለኦሮሞ ምድር ጳጳስ ሆነው ተሹመው ጉድሩንም ከፋንም ያዩ ሰው ናቸው። ከፋ ላይ ተባርረው ወደ አውሮፓ ሄደው ተመለሱ፤ በ1868 (1860 ዓ.ም.) ከደብረ ብርሃን ብዙም በማትርቀው በልቼ ከወጣቱ ንጉሥ ምኒልክ ጋር ተገናኙ።

ሐሳባቸው ሸዋን አቋርጦ ወደ ከፋ መመለስ ነበር። ምኒልክ አለቀቋቸውም። ንጉሡ ገና ከመቅደላ እስር አምልጠው መንግሥታቸውን እያጠናከሩ ነው፤ የአውሮፓን ነገር የሚያውቅ፣ ደብዳቤ የሚጽፍ፣ መድኃኒት የሚያውቅ ሰው ሲያገኙ እንዴት ይልቀቁ? አባ ማስያስ 11 ዓመት ሸዋ ቆዩ። ከጥምቀታቸው ይልቅ ስማቸውን ያስጠራው የፈንጣጣ ክትባት ነው፤ ሕዝቡ «የፈንጣጣ አባት» እያለ ልጆቹን ይዞ ይጎርፍላቸው ነበር። በ1876 የጣሊያን ጂኦግራፊ ማኅበር ተጓዦች መጥተው አንኮበር አጠገብ ልጥ ማረፊያ ላይ ሲሰፍሩም፣ ከንጉሡ ጋር ያገናኟቸው እሳቸው ነበሩ። ይህ የመጨረሻው ነገር እስከ ዛሬ ያከራክራል፤ ሚሲዮናዊነትና የአውሮፓ ፖለቲካ አንድ በር ሲገቡ ማን የማን እንግዳ እንደሆነ መለየት ያስቸግራል።

በ1878 አፄ ዮሐንስ ሸዋ ዘመቱ፤ ምኒልክ ልቼ ላይ ገቡላቸው። በዚያው ዓመት የቦሩ ሜዳ ጉባኤ ተደረገ። ጉባኤው የሸዋን «ሦስት ልደት» የሚባለውን የኦርቶዶክስ ሊቃውንት ትምህርት ጭምር አወገዘ፤ ስለዚህ ያ ዘመን የጠበበው በፈረንጅ ላይ ብቻ አልነበረም፣ አንድ መንግሥት በአንድ ሃይማኖት ይጽና ተብሎ ነው። በ1879 አባ ማስያስ በዮሐንስ ትእዛዝ ከሸዋ ወጥተው በደብረ ታቦርና በሱዳን በኩል ተሸኙ፤ ሰባ ዓመታቸው ነበር። ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ሊዮ 13ኛ በ1884 ካርዲናል አደረጓቸው፤ የ35 ዓመት ትዝታቸውን በ12 ጥራዝ ጻፉ፤ በ1889 አረፉ። በ2017 ዓ.ም. ሻይ ቤት ውስጥ ሆነን ሲመረጡ ያየናቸው ጳጳስ «ሊዮ 14ኛ» የተባሉት እኚያን ሊዮን በማሰብ ነው።

ጠባቂ ቅዱስ ሲባል ምን ያደርጋል?

ቁምስና ያለ ስም አይቋቋምም። ስሙ የሥላሴ፣ የመድኃኔ ዓለም፣ የእመቤታችን ወይም የአንድ ቅዱስ ይሆናል። ቅዱስ ከሆነ «ጠባቂ ቅዱስ» ይባላል። ለአማርኛ ተናጋሪ የሚቀርበው ቃል ግን «ሞክሼ» ይመስለኛል። አያትህ ስም የወጣልህ ከሆነ ሰፈሩ ሁሉ በሱ ይመዝንሃል፤ «የሞክሼህን ስም አታሰድብ» ትባላለህ። ቁምስናውም የቅዱሱ ሞክሼ ነው። በቅዱሱ መታሰቢያ ቀን ይሰበሰባል፣ ታሪኩን ለልጆች ያስተምራል፣ «ለምንልን» ይለዋል። አምልኮ ግን ለእግዚአብሔር ብቻ ነው፤ ለቅዱሳን የሚቀርበው አክብሮትና የአማላጅነት ልመና ነው፤ በዚህ ላይ ካቶሊኩና ኦርቶዶክሱ አይለያዩም። የአቡነ ያዕቆብ በዓል ሐምሌ መገባደጃ ላይ ይውላል፤ በኛ አገር ጭቃው ጉልበት የሚደርስበት፣ ጃንጥላ ከነፋስ ጋር የሚታገልበት ወቅት ነው፤ የበዓሉን ቀን የመረጠው ሞታቸው ስለሆነ የሚያማርረው የለም።

ቅዱስ የሚያሰኘው ማን ነው ለሚለው፣ ከላይ ያየናቸው ሦስት ሰዎች መሰላሉን ደረጃ በደረጃ ያሳዩናል። መጀመሪያ ሀገረ ስብከቱ የሰውየውን ሕይወትና ጽሑፍ ይመረምራል፤ ምስክር ይሰማል፤ ፋይሉ ሮም ይሄዳል። ሕይወቱ በእምነትና በምግባር ከተራው ሰው የላቀ ነበር ተብሎ ከታወቀ «ክቡር» ይባላል፤ አባ ማስያስ በ2016 የደረሱት እዚህ ነው። ከዚያ በእሳቸው ልመና የተደረገ፣ ሐኪሞች ሊያስረዱት ያልቻሉት ፈውስ ተመርምሮ ሲጸድቅ «ብፁዕ» ይሆናል። ስለ እምነቱ የሞተ ሰማዕት ከሆነ ግን ለዚህ ደረጃ ተአምር አይጠየቅም፤ ሞቱ ራሱ ምስክር ነው። አባ ገብረ ሚካኤል በ1926 ብፁዕ የተባሉት በሰማዕትነት ነው። ብፁዕ የሚከበረው በተወሰነ አገር ወይም ማኅበር ነው፤ ቅዱስ ግን በዓለም ሁሉ። አቡነ ያዕቆብ በ1939 ብፁዕ፣ በ1975 ቅዱስ ተባሉ። ከሞታቸው እስከ ቅድስናቸው 115 ዓመት መፍጀቱ ሮም ስትመረምር እንደማትቸኩል ያሳያል።

ተልእኮ ማለት ሰው ማስቀየር ነው?

ጥያቄው ተገቢ ነው፤ በሸፋፈኑት ቁጥር ጥርጣሬውን ያሳድገዋል። አቡነ ያዕቆብ ሰው ወደ ካቶሊክነት አምጥተዋል፤ ይህን የሚክድ የለም። ሆኖም ዛሬ አንድ ቁምስና «ተልእኮዬ» የሚለው ነገር ከዚያ ሰፋ ያለ ነው፤ ምንጩም የአቡነ ያዕቆብ ማኅበር መሥራች ቅዱስ ቪንሰንት ደ ፖል ናቸው። በ1625 ፓሪስ ላይ ማኅበሩን ያቋቋሙት ለገጠር ድሆች ነው፤ ላዛሪስት የሚለው ስም የመጣው ከሚኖሩበት ከቅዱስ አልዓዛር ቤት ነው። በዓላቸው መስከረም 27 በአውሮፓ አቆጣጠር ስለሆነ አብዛኛውን ዓመት ከመስቀል ጋር ይገጥማል፤ ደመራው በነደደ ማግስት ማለት ነው።

ስለዚህ ቁምስና ባለበት ብዙ ጊዜ ከጎኑ መዋዕለ ሕፃናት፣ ትምህርት ቤት ወይም ክሊኒክ ይታያል፤ ደናግል፣ በተለምዶ «ሲስተሮች» የምንላቸው፣ ያስተምራሉ፣ ያክማሉ። ድርቅ ሲሆን እርዳታው በቤተ ክርስቲያኒቱ የማኅበራዊና ልማት ኮሚሽን በኩል ይመጣል። ተማሪውም ታካሚውም ካቶሊክ መሆን አይጠበቅበትም፤ አብዛኛውም አይደለም። ደብረ ብርሃን ውስጥ «ሲስተሮቹ ጋ ነው የተማርኩት» የሚል ኦርቶዶክስና ሙስሊም ማግኘት አያስቸግርም።

የሃይማኖቱ ወገንም ቢሆን ተለውጧል። ከ1962 እስከ 1965 የተደረገው ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ ካቶሊኮች የኦርቶዶክስን ምሥጢራት እውነተኛ አድርገው እንዲያከብሩ መንገዱን ከፈተ። በተግባር ሲታይ እንዲህ ነው፦ አንዲት ኦርቶዶክስ ሴት ካቶሊክ አግብታ ወደ ባሏ ቤተ ክርስቲያን ልግባ ብትል፣ ቆሞሱ ውኃ አያዘጋጅም። በሕፃንነቷ፣ እንበል አንጎለላ ላይ በሰማንያ ቀኗ የተጠመቀችው ጥምቀት ጥምቀት ነው። የሚጠይቃት የተጠመቀችበትን አጥቢያና ቀን ነው፤ እምነቷን ትናገራለች፣ እሱም መዝገቡን ከፍቶ የሰጠችውን የአጥቢያዋን ስም እንዳለ ይጽፈዋል።